ላም አለኝ በደመና

ያን ምሽት ቢሮ የቀረነው ሁለት ሰዎች ነበርን። እኔ በአንዱ ጠረጴዛ፣ የሥራ ባልደረባዬ በሌላው። በመካከላችን አራት እርምጃ ቢኖር ነው። የሁለታችንም ኮምፒውተር ሊኑክስ ነው፤ የሁለታችንም ኬብል ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለችው አንዲት ስዊች ይገባል። ከእኔ ማሽን ወደ እሱ ማሽን መሄድ የነበረበት አንድ ፋይል ነው፤ የአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የዳታቤዝ ባክአፕ፣ 1.6 ጊጋባይት።

«በቴሌግራም ላክልኝ» አለኝ።

ላክኩለት። 40 በመቶ ሲደርስ ኢንተርኔቱ ተንቀራፈፈ። 80 ሲደርስ መብራት ጠፋ፤ ላፕቶፖቻችን በባትሪ ቆዩ፣ ራውተሩ ግን ሞተ። መብራት ሲመጣ ከዜሮ ጀመርን። የእኔ መጫን ሲያልቅ ደግሞ የእሱ ማውረድ ተጀመረ። ከምሽቱ 1 ሰዓት የያዝነው ነገር 5 ሰዓት ላይ አለቀ። ስንወጣ ታክሲ ጠፍቶ ግማሹን መንገድ በእግራችን ሄድን።

በማግሥቱ ሒሳቡን ሠራሁት። ያቺ ስዊች አሮጌ ናት፤ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ነው የምታሳልፈው። ይህ በሰከንድ ከ11 እስከ 12 ሜጋባይት ያህል ነው። ፋይሉ በእሷ በኩል ቢሄድ ሁለት ደቂቃ ተኩል አይሞላውም ነበር። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ጥቅል አይበላም፣ ከክፍሉም አይወጣም። እኛ ግን ከአዲስ አበባ አስወጥተን፣ በጎረቤት አገር በኩል ባሕር አሻግረን፣ የማናውቀው ሰርቨር ላይ አሳርፈን፣ በመጣበት መንገድ መልሰን አራት እርምጃ ርቆ ለተቀመጠው ሰው አደረስነው። ሁለታችንም የኢንጂነሪንግ ዲግሪ አለን።

ይህን የምጽፈው ስለዚያ ምሽት ለመሳቅ ብቻ አይደለም። ክስ አለኝ፤ ከተከሳሾቹ አንዱም እኔ ነኝ። ክሱ ይህ ነው፦ ሶፍትዌር እንሠራለን የምንል ብዙዎቻችን ፋይልን ከአንድ ሊኑክስ ማሽን ወደ ሌላው በሥርዓት ማድረስ አንችልም፤ ባለመቻላችንም የሰው ገመና በማይገባው ቦታ ጥለን እናድራለን። ምክንያቱ የኢንተርኔቱ ድክመት አይደለም፣ የገንዘብ ማጣትም አይደለም። መሣሪያዎቹ ነጻ ናቸው። አብዛኞቹ ማሽናችን ውስጥ ተቀምጠዋል። ገሚሶቹ በዕድሜ ይበልጡናል። እኛ ግን «ቴሌግራም ይቀላል» እንላለን፣ በቃ።

የእትዬ ጥያቄ

ባክአፑ የማን እንደነበር ልንገራችሁ። ማኅበሩን በስም አልጠራውም። የሒሳብ ሠራተኛዋን ሁላችንም «እትዬ» ነበር የምንላቸው። ሲስተሙ ከመምጣቱ በፊት የአባላቱን ሒሳብ ለዓመታት በእጃቸው በትልልቅ መዝገብ ሲጽፉ ኖረዋል። መዝገቦቹ የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፋሉ፤ ቁልፉ እሳቸው አንገት ላይ ነው። ማን ስንት ተበደረ፣ ማን ሦስት ወር ሳይከፍል ቆየ፣ ማን ለማን ዋስ ሆነ፣ ሁሉም እዚያ አለ። በአንድ ሰፈር ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለወንድሙ ዋስ የሆነ ሰው ለሚስቱ ሳይነግር ሊሆን ይችላል።

መዝገቡ ሁሉ ሲስተም ውስጥ ገብቶ ካለቀ በኋላ አንድ ቀን ጠሩኝና፣

«ልጄ፣ አሁን ያ ሁሉ መዝገብ የት ነው ያለው?» አሉኝ።

«እናንተ ሰርቨር ላይ ነው፣ እትዬ። ቅጂው ደግሞ ክላውድ ላይ አለ።»

«ክላውድ ምንድን ነው?»

«ያው... ደመና እንደማለት ነው።»

ሳቁ። «ላም አለኝ በሰማይ አትለኝም ታዲያ!»

አብሬያቸው ሳቅኩ። ጥያቄያቸውን ግን አልመለስኩላቸውም፤ መልሱን አላውቀውማ! በዚያ ሰዓት ቅጂው እኔ ላፕቶፕ ላይ አለ፣ ባልደረባዬ ላፕቶፕ ላይ አለ፣ የቢሮው ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አለ። ለአንድ ሰው መላክ ሲገባኝ «ሁሉም ያግኘው» ብዬ ግሩፑ ላይ ነበር የጣልኩት።

ከወራት በኋላ፣ ከቢሯችን ከለቀቀ ዓመት ካለፈው ልጅ ጋር ቡና እየጠጣን ስልኩን አወጣ። «ግሩፑ ውስጥ አሁንም አለሁ እኮ፤ ማንም አላስወጣኝም» ብሎ እየሳቀ የድሮ መልእክቶችን ወደ ላይ ይገፋ ጀመር። ባክአፑ እዚያው ነበር። ቀኑ ተጽፎበት፣ በአንድ ንክኪ ሊወርድ ተዘጋጅቶ። የይለፍ ቃል የለውም። ልጁ ጨዋ ነው፤ እያየሁት ከግሩፑ ወጣ። ሌላ ሰው ቢሆንስ? የእትዬ ቁም ሣጥን አንድ ቁልፍ ነበረው። እኛ ስንት ቁልፍ እንዳባዛን እንኳ አልቆጠርንም።

ቴሌግራምን ለመስደብ አይደለም። እኔም ቀኑን ሙሉ ስጠቀምበት ነው የምውለው። ግን ምን እንደሆነ እንወቀው። ግሩፕና ተራ ውይይት ላይ የምንጥለው ነገር ኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጠረው በሁለት ሰዎች መካከል የሚከፈተው ሚስጥራዊ ውይይት ብቻ ነው። ቀልድ ለመላክ፣ የሠርግ ፎቶ ለመላክ ምንም አይልም። የማኅበር መዝገብ ግን ቀልድ አይደለም። ከዚህ የባሰም አይቻለሁ፦ የሰርቨሩን ፕራይቬት ኪ ራሱን ግሩፕ ላይ ጥለው «ጋይስ፣ በዚህ ግቡ» የሚሉ። ያ ፋይል ከማንም ጋር ላለመጋራት የተሠራ ነው፤ ስሙ ራሱ የግል ቁልፍ ነው። የቤትህን ቁልፍ የመንደሩ ዛፍ ላይ እንደማንጠልጠል ነው።

በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ከእንግዲህ «አላሰብነውም» የሚል መልስ ብዙ አያስኬድም። ግን እውነቱን ልናገር? እኔን ያስደነገጠኝ አዋጁ አይደለም፤ የዚያ ልጅ ስልክ ነው።

ዜንደር ያሳደገን ልጆች

በጣም የሚያናድደኝ ነገር፣ ይህን በልጅነታችን እንችል የነበረ መሆኑ ነው። ሃይስኩል እያለን ዜንደር የሌለው ስልክ የማን ነበር? አንዱ ስልክ ዋይፋይ ይከፍታል፣ ሌላው ይገባበታል፣ ፊልሙ ያልፋል። ካርድ አይቆርጥም። መጨረሻ ወንበር ተቀምጠን ስንቱን ፊልም ተቀባብለናል! ያኔ ማንም «መጀመሪያ ውጭ አገር እንላከውና ከዚያ ታወርደዋለህ» አላለም። አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ሁለት መሣሪያዎች በቀጥታ መነጋገር እንደሚችሉ በ15 ዓመታችን ገብቶን ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ዘመኑ የፍላሽ ሆነ። ከላብ ኮምፒውተር የሚያዘው ያ ሾርትከት ቫይረስ ስንት ሰው አስለቅሷል! ቢሆንም ፍላሽን አልንቅም። ፍላሽ ቢያንስ የት እንዳለ ታውቃለህ፤ ኪስህ ውስጥ ነው። የራሱ አመል ግን አለው። በፋት32 የተፎረመተ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ሊኑክስ ላይ ደግሞ «ኮፒው አልቋል» ብሎህ የተወሰነውን ገና ሚሞሪ ላይ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ኢጀክት ሳታደርግ ከነቀልከው ቤትህ ስትደርስ የተጎረሰ ፋይል ታገኛለህ።

ከዚያ ተመረቅን፣ ሥራ ያዝን፣ «ዴቨሎፐር» ተባልን። በዜንደር የምናውቀውን ረሳነው። የሚተካውንም አልተማርንም። እኔ በተማርኩበት ክፍል የኔትወርክ ኮርስ ነበር፤ ሰባቱን የኔትወርክ እርከኖች በቃል ሸምድደን ኤ አምጥተናል። በዚያው ሴሚስተር የመጨረሻውን ፕሮጀክት ለመምህሩ ያስረከብነው ግን በፍላሽ ነው። አንድ ሰው እንኳ «ላቡ ውስጥ 40 ኮምፒውተር በኬብል ተያይዟል፤ ለምን በኬብሉ አንልከውም?» ብሎ አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅኩም።

ኢንተርኔት የለም ማለት ኔትወርክ የለም ማለት አይደለም

የቀጥታ መንገድን ጥቅም ያስተማረኝ መምህር ሳይሆን የ2012 ክረምት ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋ፤ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። የዚያ ሰሞን ሐዘንና ፍርሃት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ እዚህ አልገባበትም። እኔ የማወራው ስለ ትንሹ ነገር ነው። ኮሮና ዩኒቨርሲቲውን ዘግቶት ቤት ነበርን። ከጎረቤቴ ልጅ ጋር አብረን ኮድ እንጽፋለን፤ ቤቶቻችን ግድግዳ ይጋራሉ። ኢንተርኔቱ ሲዘጋ ሥራው ያለቀለት መሰለን።

ሦስተኛው ቀን ላይ ራውተሩን አየሁት። የኢንተርኔቱ መብራት ጠፍቷል፤ የዋይፋዩ ግን ብልጭ ብልጭ ይላል። ጓደኛዬ በግድግዳው በኩል ገባበት። ለአንድ የትምህርት ሥራ ብዬ ከወራት በፊት የጫንኩት ኤስኤስኤች ሰርቨር ላፕቶፔ ላይ ነበር። የማሽኔን አይፒ አድራሻ በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። ከዚያ በኋላ የአገሪቱ ኢንተርኔት ተዘግቶ እያለ የእኛ ሁለት ቤቶች ፋይል ሲለዋወጡ ከረሙ። ኮዱም ፊልሙም ፒዲኤፉም አለፈ። ያን ጊዜ ነው ኢንተርኔት ማጣትና ኔትወርክ ማጣት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው የገባኝ። ለፈተና የሸመደድኩት እዚያ ነው ሥጋ የለበሰው።

ሦስት ዓመት አለፈ። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ለአምስት ወር ያህል ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ያለ ቪፒኤን አንከፍትም ነበር። ያኔ ሥራ ይዣለሁ። ቢሯችን ውስጥ ምን ይባል እንደነበር ልንገራችሁ? «ፋይሉን አልላክህልኝም እንዴ?» «ቪፒኤኑ እምቢ ብሎኝ ነው።» ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ! የ2012ን ትምህርት እኔ ራሴ ረስቼው ነበር። ስንፍና እንዲህ ነው፤ ያወቅከውን ሳይቀር ያስረሳሃል። መንገድህን ሌላ ሰው እጅ ላይ ካስቀመጥከው፣ ሲዘጋብህ የምትለው ነገር አይኖርህም።

ከእኛ በፊት የነበሩት

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ። ኤፍቲፒ በዕድሜ ቀዳሚው ነው፤ የመጀመሪያውን ረቂቅ እ.ኤ.አ. በ1971 የጻፈው ኤምአይቲ የነበረ አብሃይ ቡሻን የሚባል ህንዳዊ ነው። ለዘመኑ ድንቅ ሥራ ነበር። ችግሩ፣ ፋይሉንም የይለፍ ቃሉንም ሳይመሰጥር በግልጽ መላኩ ነው። መስመሩ ላይ ጆሮውን የጣለ ሁሉ ያነበዋል። ክሮምና ፋየርፎክስ እ.ኤ.አ. በ2021 ከውስጣቸው አስወጥተውታል። እኛ ግን ዛሬም ሆስቲንግ ገዝተን የኤፍቲፒ ይለፍ ቃል በኤስኤምኤስ እንቀባበላለን።

የዚያ ጆሮ የሚጥል ሰው ጉዳይ ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ አንድ ሰው የይለፍ ቃሎችን ሲለቃቅም ተገኘ። እዚያው ይሠራ የነበረው ታቱ ዩሎኔን ተናደደና ኤስኤስኤችን ጻፈ። ከዚያ በኋላ ማንም መስመሩ ላይ ቢቀመጥ የሚያየው የተመሰጠረ ዝባዝንኬ ነው። ዛሬ ሊኑክስ ማሽኖቻችን ላይ ያለው ኦፕንኤስኤስኤች እ.ኤ.አ. በ1999 የኦፕንቢኤስዲ ሰዎች ያወጡት ነው። ኤስሲፒም ኤስኤፍቲፒም በዚሁ በር፣ በፖርት 22 ነው የሚያልፉት።

ኤስሲፒ እንደ ተራው የሊኑክስ ኮፒ ትእዛዝ ነው፤ ልዩነቱ ከሁለቱ አድራሻዎች አንዱ ሌላ ማሽን ላይ መሆኑ ብቻ ነው። ከየት፣ ወደ የት፤ በቃ። የድሮው አሠራሩ አርጅቶ ነበር፤ የኦፕንኤስኤስኤች ሰዎች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2019 «ጊዜው አልፎበታል» ብለው ሌላ እንድንጠቀም መከሩ። በ2022 ደግሞ ስሙን ሳይቀይሩ ውስጡን በኤስኤፍቲፒ ተኩት። አንተ የምትጽፈው ያው የድሮው ትእዛዝ ነው፤ ከሥር የሚሄደው ግን አዲሱ ነው።

ለእኛ አገር መስመር የተሠራ እስኪመስል የሚገርመኝ ግን አርሲንክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አንድሩ ትሪጄልና ፖል ማከራስ አውስትራሊያ ሆነው አወጡት። የተነሱበት ጥያቄ የእኛ ጥያቄ ነው፦ መስመሩ ቀርፋፋ ነው፣ ፋይሉ ትልቅ ነው፣ የተለወጠው ግን ትንሽ ነው፤ ሁሉንም እንደገና ከመላክ እንዴት እንገላገል? መልሳቸው ይህ ነው። ተቀባዩ እጁ ላይ ያለውን የቆየ ቅጂ በእኩል ቁራጭ ይቆራርጠዋል። ለእያንዳንዱ ቁራጭ አጭር የሒሳብ አሻራ ያወጣና አሻራዎቹን ብቻ ለላኪው ይልካል። ላኪው አዲሱን ፋይል ከመጀመሪያው ባይት ጀምሮ አንድ አንድ ባይት እየተራመደ ከአሻራዎቹ ጋር ያስተያያል። የሚመሳሰል ካገኘ «ይህንን አንተ ዘንድ አለ» ይለዋል፤ ካላገኘ ያንን ብቻ ይልካል። የማኅበሩ ዳታቤዝ በቀን የሚለወጠው ከመቶ አንዱ እጅ እንኳ አይሆንም። እኛ ግን በየሳምንቱ 1.6 ጊጋባይቱን ሙሉ ስንጭን ከርመናል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ባክአፑን መጀመሪያ ዚፕ ካደረግከው የአርሲንክ ብልሃት ይከሽፋል። ምክንያቱም በመጨመቅ ሥራ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ አንዲት ፊደል ከተቀየረች ከእሷ በኋላ ያለው ሁሉ ይለወጣል፤ አሻራዎቹ አይገጥሙም። ሳትጨምቅ ላከው፤ መጨመቁን ራሱ አርሲንክ መንገድ ላይ ይሠራልሃል። መብራት ቢጠፋስ? ፓርሻል የሚለውን አማራጭ ከጨመርክበት በግማሽ የቀረውን አይጥለውም፤ ትእዛዙን መልሰህ ስታስኬደው ያንኑ ይዞ ይቀጥላል። ያን ምሽት 80 በመቶ ላይ ስንቃጠል ይህ መሣሪያ ሁለታችንም ማሽን ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ንጹሕ መልአክ አድርጌ አላቀርበውም። የፎልደሩ ስም መጨረሻ ላይ ያለችው እዝባር ብትኖርና ባትኖር ትርጉሙ ይለያያል፦ ካለች የፎልደሩን ይዘት ይወስዳል፤ ከሌለች ፎልደሩን ራሱን። ዲሊት የሚለው አማራጭ ደግሞ ምንጩ ላይ የሌለውን ሁሉ መድረሻው ላይ ያጠፋል። እኔ ሁለቱን አዋህጄ አንድ ጊዜ የሦስት ሳምንት ፎቶ አጥፍቻለሁ። መድኃኒቱ ድራይ ረን ነው፤ ምን ሊሠራ እንደሆነ ሳይሠራ ይነግርሃል። ያን ቀን ሁለት ፊደል መጻፍ ሰንፌ ነው የከሰርኩት።

የምትሉትን አውቃለሁ

«ይሠራል እኮ» ትላላችሁ። አዎ፣ ይሠራል። መብራት እስኪጠፋ፣ ቴሌግራም እስኪዘጋ፣ የለቀቀ ሰው ግሩፑን እስኪከፍት ድረስ ይሠራል። ድልድይ «እስኪወድቅ ድረስ ይሠራል» ብሎ የሚያስረክብ ሲቪል ኢንጂነር ብናገኝ ምን እንለው ነበር?

«ደንበኛው ዊንዶውስ ነው የሚጠቀመው» ትላላችሁ። ዊንዶውስ 10 ከ2018 ወዲህ፣ እ.ኤ.አ. ማለቴ ነው፣ ኤስኤስኤችና ኤስሲፒን ከራሱ ጋር ይዞ ይመጣል። ትእዛዝ መጻፍ ለማይፈልግ ዊንኤስሲፒና ፋይልዚላ አሉ፤ በግራ የራስህ ማሽን፣ በቀኝ ሰርቨሩ፣ ጎትቶ መጣል ነው።

«ተርሚናል ያስፈራል» የሚሉም አሉ። እሺ፣ ተርሚናል አትክፈት። ኡቡንቱ ላይ ፋይሎችን የምታይበት መስኮት ራሱ የኤስኤፍቲፒ አድራሻ ይቀበላል፤ ሰርቨሩ እንደ አንድ ተራ ፎልደር ይከፈታል። ላፕቶፕ የለኝም የምትል ደግሞ ተርመክስን አንድሮይድ ስልክህ ላይ ጫን፤ ኤስኤስኤችም አርሲንክም ይገባሉ።

አንድ ተቃውሞ ግን እቀበላለሁ። ሁለታችንም በየቤታችን በሞባይል ዳታ ከሆንን ማሽኖቻችን ከውጭ የሚታይ የራሳቸው አድራሻ የላቸውም፤ ቀጥታ መገናኘት ይቸግራል። እዚህ ላይ መሐል የሚቆም ሦስተኛ ማሽን ያስፈልግ ይሆናል። ይሁን። ግን መሐል የሚቆመው ማሽን ዕውር እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። ሲንክቲንግና ማጂክ ዎርምሆል ፋይሉን ከአንተ ማሽን ሳይወጣ መስጥረው ነው የሚልኩት፤ አሻጋሪው ምን እንዳሻገረ አያውቅም። የእኔ ጠብ ከአሻጋሪ ጋር አይደለም፤ ሣጥኑን ከፍቶ ማየት ከሚችል፣ ቅጂውንም ይዞ ከሚቀር አሻጋሪ ጋር ነው።

አሁን ደግሞ ወደ እናንተ፣ ሊኑክስ የገባችሁ። ጀማሪ መጥቶ «ፋይል እንዴት ነው ሰርቨር ላይ የምጭነው?» ሲል «ማንዋሉን አንብብ» ብላችሁ የምትስቁ። ማንዋሉ በእንግሊዝኛ ነው፣ የአርሲንኩ ደግሞ ማለቂያ የለውም፣ ልጁም ነገ ጠዋት የሚያስረክበው ሥራ አለው። ስትስቁበት ወዴት ይሄዳል? ወደ ቴሌግራም። ከዚያ የደንበኛው ዳታቤዝ ግሩፕ ላይ ሲገኝ ስለ ሴኪዩሪቲ ረጅም ጽሑፍ ትለጥፋላችሁ። አሥር ደቂቃ ብትሰጡት ኖሮ ያ ጽሑፍ ባላስፈለገ።

አለቆችም አላችሁበት። «ቶሎ ላክ» ትላላችሁ እንጂ «በምን ላክኸው?» ብላችሁ ጠይቃችሁ አታውቁም። ሠራተኛ ሲለቅ የቢሮ ቁልፍ ትቀበላላችሁ፣ ባጁን ትቀበላላችሁ። ሰርቨሩ ላይ ያለውን ቁልፉንስ ሰርዛችኋል? ከግሩፑስ አውጥታችሁታል?

የምለምነው ትንሽ ነው

በዚህ ሳምንት አንድ ሰዓት ፈልጉ። ሁለት ማሽን አንድ ዋይፋይ ላይ አገናኙ። ቁልፍ ፍጠሩ፤ የሕዝቡን ቁልፍ ወዲያኛው ማሽን ላይ አስቀምጡ፣ የግሉን ለማንም አትስጡ። አንድ ፋይል በኤስሲፒ ላኩ። አንድ ፎልደር በአርሲንክ ላኩ፣ መሐል ላይ ዋይፋዩን አጥፉት፣ መልሳችሁ አብሩትና ከቆመበት ሲቀጥል እዩት። መጨረሻ ላይ በሁለቱም ማሽን የፋይሉን የሻ256 አሻራ አውጡና አስተያዩ፤ አንድ ከሆነ ፋይሉ ሳይጎድል ደርሷል። ከዚያ የቢሯችሁን ግሩፕ ከፍታችሁ የተላኩ ፋይሎችን ዝርዝር እስከ ታች ውረዱ። የምታገኙትን አልነግራችሁም።

እኔ ያደረግኩትን ልንገራችሁና ላብቃ። ባክአፑን ከግሩፑ አጠፋሁት። ማኅበሩ ቢሮ አንዲት አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ጫንኩና ከብረት ቁም ሣጥኑ አጠገብ አስቀመጥኳት፤ ሌሊት ሌሊት አርሲንክ በኤስኤስኤች በኩል ከሰርቨሩ የተለወጠውን ብቻ ያመጣላታል። ከዚያ እትዬ ዘንድ ሄድኩ።

«ያን ጊዜ የት ነው ብለው ጠይቀውኝ ነበር» አልኳቸው። «አሁን እዚህች ውስጥ ነው። ሰርቨሩ ላይና እዚህች ላይ ብቻ።»

«ያን ጊዜስ የት ነበር?»

ነገርኳቸው። ግሩፕ ላይ ጥዬው እንደነበር፣ የለቀቀ ሰው እንዳየው፣ ከግሩፑ ባጠፋውም ቀድሞ ካወረደው ሰው ስልክ ላይ ማጥፋት እንደማልችል። ዝም ብለው አዳመጡኝ። ከዚያ፣

«ስማቸውን ታውቀዋለህ?» አሉኝ።

«የማንን?»

«የአባላቱን።»

«አላውቅም፣ እትዬ።»

«እኔ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ» አሉ።